ስንት ግራም ልውሰድ?

ሰው ሲያስነጥስ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ትኩስ ነገር ጠጣ ይላል። ሌላው ተሸፋፍነህ ተኛ ይላል። ከመሃል ግን አንድ የማይቀር ሰው አለ፤ «ቫይታሚን ሲ አልወሰድክም እንዴ?» የሚል። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ወቀሳ ነው። ያልወሰደ ሰው በገዛ እጁ እንደታመመ ይቆጠራል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና ጥናት ማንበብ የምወድ፣ በዚሁ ጠባዬ የተነሳ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የሚደውልልኝ ሰው ነኝ። ጉንፋን በተነሳ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ይሠራል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። እሱ ድሮ የተዘጋ ፋይል ነው። የሚጠየቀው «ስንት ግራም ልውሰድ?» ነው።

እኔ ግን ከብዛቱ በፊት መምጣት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ። መጀመሪያ ነገር፣ ሰውነትህ ቫይታሚኑ ጎድሎታል ወይ? ስለ ቫይታሚንና ስለ መተንፈሻ አካላት ቫይረሶች ባነበብኩ ቁጥር ነገሩ እየዞረ እዚሁ ጥያቄ ላይ ያርፋል። በጎደለበት ሰው ላይ ቫይታሚን ሕይወት ያተርፋል፤ ሳላጋንን ነው፣ ወደ ታች ታዩታላችሁ። ባልጎደለበት ሰው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይፈይድም፤ አንዳንዴም ይጎዳል።

ዝናው የቫይታሚን ሲ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጉንፋንን ከቫይታሚን ሲ ጋር ያቆራኘው ሰው ሊነስ ፖሊንግ ነው። ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። በ1954 የኬሚስትሪ፣ በ1962 የሰላም ኖቤል ሽልማት ያገኘ አሜሪካዊ ነው፤ ሁለቱንም ከማንም ሳይጋራ። በ1966፣ በ65 ዓመቱ፣ አንድ ንግግር ላይ ሳይንስ ገና የሚያመጣውን ነገር ለማየት ብዙ ዓመት መኖር እንደሚፈልግ ተናገረ። ኧርዊን ስቶን የሚባል ባዮኬሚስት ይህን ሰምቶ ደብዳቤ ጻፈለት። መኖር ከፈለግህ በየቀኑ 3 ግራም ቫይታሚን ሲ ውሰድ፣ የሚል ነበር ምክሩ። ፖሊንግም ከባለቤቱ ጋር ጀመረ። ጤናችን ተሻሻለ፣ ጉንፋንም ራቀን አለ።

በ1970 ነገሩን መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ የክኒኑም ገበያ ደራ። ሰውየው የሁለት ኖቤል ባለቤት ነው፤ ማን አፉን ሞልቶ ተሳስተሃል ይበለው? እሱ ራሱ እየቆየ መጠኑን በቀን እስከ 18 ግራም አደረሰው። ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚመከረው 90 ሚሊግራም፣ ለሴት 75 ሚሊግራም ነው። የፖሊንግ 18 ግራም የወንዱን ድርሻ 200 እጥፍ ማለት ነው።

ያለ ማስረጃ ተነሳ ማለት ግን አይቻልም። አጥብቆ የያዛት አንዲት ጥናት ነበረች። በ1961 የታተመች፣ ስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ካምፕ የገቡ 279 ልጆችን የተከታተለች። በቀን 1 ግራም የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ ታመሙ። ይህችን ጥናት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከመጽሐፉ በኋላ ተመራማሪው ሁሉ ለመፈተን ተነሳ። ቶሮንቶ ላይ በቴረንስ አንደርሰን የተመራው ቡድን በ1972 ውጤቱን አወጣ። ተሳታፊዎቹ በየቀኑ 1 ግራም ይወስዳሉ፤ ሲያማቸው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መጠኑ ወደ 4 ግራም ከፍ ይላል። በጉንፋን የመያዝ ነገር ያን ያህል አልተለያየም። ታመው ከቤት ሳይወጡ የዋሉባቸው ቀናት ግን በ30 በመቶ ቀነሱ። ሁለቱም ወገኖች የወደዱትን ቆርጠው ወሰዱ።

እኔ የምወዳት በ1975 የታተመችውን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በገዛ ሠራተኞቻቸው ላይ የሠሩት ጥናት ነው። ለገሚሶቹ ቫይታሚን ሲ፣ ለገሚሶቹ ላክቶስ የተሞላበት ማስመሰያ እንክብል ተሰጠ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እንዳይታወቅ ነበር ሐሳቡ። ግን የሕክምና ምርምር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንዴት ብሎ ያስችለው! ብዙዎቹ እንክብሉን ከፍተው ቀመሱት። ቫይታሚን ሲ ይኮመጥጣል፤ ላክቶስ ደግሞ የወተት ስኳር ነው። ምስጢሩ በምላስ ወጣ። ማስመሰያውን ከሚወስዱት ውስጥ ጥናቱን ጥሎ የወጣውም በዛ።

መጨረሻ ላይ ሲሰላ አስገራሚ ነገር ታየ። ቫይታሚን ሲ ሕመሙን ያሳጠረ የመሰለው የሚወስዱትን ባወቁት ሰዎች ላይ ነው። ምን እንደሚወስዱ ባላወቁት ላይ ልዩነት አልተገኘም። አጥኚዎቹም ውጤቱን ያመጣው እምነቱ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። ሃሪ ሄሚላ የሚባል ፊንላንዳዊ ተመራማሪ ዕድሜውን ቫይታሚን ሲ ላይ ያፈሰሰ ሰው ነው። የዚያን ጥናት ቁጥሮች እንደገና መርምሮ፣ ሁሉንም በእምነት ማሳበብ አያስኬድም ብሎ ተከራክሯል። በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። የሚገርመው፣ ለቫይታሚን ሲ እንዲህ የሚሟገተው ይኸው ሰው ከኤልዛቤት ቻልከር ጋር ሆኖ በ2013 የሠራው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው) ግምገማ ነው እስከ ዛሬ ዋናው ማጣቀሻ የሆነው። ያም ግምገማ ለክኒን ሻጭ ብዙ አያስደስትም።

ግምገማው ያለውን በሦስት እከፍለዋለሁ። በየቀኑ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ተራውን ሰው ከጉንፋን አያድንም፤ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 29 ንጽጽሮች ተደምረው የረባ ልዩነት አላሳዩም። በየቀኑ ሲወስድ የቆየ ሰው ሲታመም ግን የሕመሙ ጊዜ ትንሽ ያጥራል፤ ለአዋቂ በ8 በመቶ፣ ለሕፃናት በ14 በመቶ። ሦስተኛው ነው የኛን ስልክ ደዋዮች የሚመለከተው፤ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ክኒን መጀመር ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳየም።

8 በመቶ ስንት ነው? ሰባት ቀን የሚቆይ ጉንፋን ብናስብ ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። አይናቅም። ግን ለዚህች ግማሽ ቀን ዓመቱን ሙሉ፣ ጤነኛ በሆንክበት ቀን ሁሉ፣ ክኒኑን መዋጥ አለብህ። አንዳንዱ ሰው ያዋጣኛል ሊል ይችላል። መብቱ ነው። እኔን አያዋጣኝም።

አሁን ወደዚያች የስዊዘርላንድ ጥናት። በግምገማው ውስጥ ከሌሎቹ ለየት ያሉ አምስት ጥናቶች ነበሩ። ተሳታፊዎቹ በድምሩ 598 ናቸው። ማራቶን ሯጮች፣ በከባድ ብርድ ልምምድ ላይ ያሉ ወታደሮች፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ። እነዚህ ላይ ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን በግማሽ ያህል ቀንሷል! የፖሊንግ የካምፕ ልጆች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ስለዚህ የያዛት ጥናት ውሸታም አልነበረችም። ስህተቱ ተራራ ላይ በብርድ ሲለፋ የዋለን አካል፣ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ከሚውል ሰው ጋር አንድ ማድረጉ ላይ ነው። ብዙ ጉልበት የሚያወጣ፣ ብርድ የሚፈራረቅበት አካል ቫይታሚኑን በብዛት ይጨርሳል ተብሎ ይታሰባል። ያው የጎደለበት ነገር ነው።

ብዙ መውሰድ የማይረዳበት ምክንያት ደግሞ አንጀታችን ውስጥ አለ። በቀን እስከ 180 ሚሊግራም ድረስ የምንወስደውን ቫይታሚን ሲ አንጀት ከ70 እስከ 90 በመቶ ይቀበለዋል። ከ1 ግራም ሲያልፍ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የተቀበለውንም ኩላሊት ያጣራና ትርፉን ወደ ሽንት ይልከዋል። ከተላላፊ በሽታ ጋር የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች በቀን 100 ሚሊግራም አካባቢ ይጠግባሉ። የሞላ እንስራ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው፤ የሚፈስሰው መሬት ላይ ነው።

ታዲያ ለምንድነው ሰው ሁሉ «እኔን ግን አድኖኛል» የሚለው? ይዋሻል ብዬ አላስብም። የሚያየውን ነው የሚናገረው። አንዲት አክስት አለችኝ፤ ጉንፋን ሲይዛት በውሃ የሚሟሟውን ክኒን ትጀምራለች። መቼ እንደምትጀምር ጠየቅኳት። «ሲብስብኝ ነዋ! ለትንሹማ ምን አስቸኮለኝ?» አለችኝ። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። ጉንፋን በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አካባቢ ይብሳል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ አብዛኛው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ያልቃል። ሲብስብን የምንጀምረው ማንኛውም ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ የመሻል ዕድሉ ሰፊ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ የተዋጠው ክኒን ነው። ካልተሻለን ደግሞ «ባልወስድ ኖሮ ይብስብኝ ነበር» እንላለን። በዚህ ሒሳብ ክኒን አይሸነፍም።

ይህን ለአክስቴ አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «እሺ ልጄ፣ ግን ቢሆንም ልውሰድ» አለች። አልተከራከርኳትም። ጉንፋን ለያዘው ሰው አንድ ነገር ማድረግ ራሱ ዕረፍት ነው፤ አንድ ክኒን ደግሞ አይገድላትም።

የቫይታሚን ዲ ታሪክ ሌላ ዓይነት ነው። እዚህ ያለው የአንድ ሰው ዝና አይደለም፤ ተስፋው እውነተኛ መሠረት ነበረው። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ቫይታሚን ዲ የሚቀበሉበት መቀበያ አላቸው። የመተንፈሻ አካላት በሽታ በክረምት ይበዛል፤ ፀሐይ በሚያንስባቸው አገሮች በክረምት የሰዎች ቫይታሚን ዲ ይወርዳል። ነገሩ ገጣጠመ። በ2017 አድሪያን ማርቲኖ የሚመሩት ቡድን 25 ጥናቶችን፣ ወደ 11,000 የሚጠጉ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር፣ ቫይታሚን ዲ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኘ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በጣም በጎደላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እሱም በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ሲወሰድ። በአንድ ጊዜ ብዙ መዋጥ ግን አልጠቀመም።

«የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል» ይባል የለ? አዳዲስ ጥናቶች በተጨመሩ ቁጥር ጥቅሙ እየሳሳ ሄደ። ይኸው ቡድን በ2021 ሲያድሰው ቀነሰ። በ2025 ሲያድሰው ደግሞ ከዕድል ለመለየት የሚያስቸግር ሆነ። ኮቪድ ሲመጣ በእንግሊዝ ከ6,000 በላይ፣ በኖርዌይ ከ34,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተሠሩ። የኖርዌዩ የዓሣ ጉበት ዘይት ነበር የሚሰጠው። ሁለቱም በ2022 ታተሙ። ከኮቪድም ሆነ ከሌላ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ጥበቃ አልታየም። ብራዚል ውስጥም ሆስፒታል ለገቡ 240 የኮቪድ ሕሙማን 200,000 ዩኒት (ዩኒት የቫይታሚን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ዲ በአንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። የወሰዱትም ያልወሰዱትም ሆስፒታል የቆዩት እኩል ነው።

ኮቪድ ሲበረታ «በሆስፒታል የሚሞቱት ቫይታሚን ዲ ያነሰባቸው ናቸው» የሚለው ወሬ ያልደረሰበት አልነበረም። ቁጥሩ እውነት ነው። ትርጉሙ ነው ያስቸገረው። ዕድሜው የገፋ፣ ከቤት የማይወጣ፣ ውፍረት ያለበት፣ ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ቫይታሚን ዲው ያንሳል። እነዚሁ ሰዎች ኮቪድ ይጠናባቸዋል። በዚያ ላይ ከባድ ሕመም ራሱ በደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ዲ ያወርደዋል። ስለዚህ ማነሱ የሕመሙ ምክንያት ሳይሆን ጥላው ሊሆን ይችላል። የሚለየው ሰዎችን በዕጣ መድቦ መሞከር ብቻ ነው። ተሞከረ፤ መልሱም ከላይ ያልኩት ነው።

ቫይታሚን ሲም ለኮቪድ ዕድሉን አግኝቷል። አሜሪካ ውስጥ ቤታቸው ሆነው ለታከሙ 214 ሰዎች በቀን 8 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ ወይም 50 ሚሊግራም ዚንክ፣ ወይም ሁለቱም፣ ወይም ምንም ሳይጨመር መደበኛው ክትትል ብቻ ተሰጠ። ልዩነት ይታያል የሚል ተስፋ ስለጠፋ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ብዙ ቫይታሚን ሲ ከወሰዱት መካከል ሆዳቸው የታወከ በርካታ ነበሩ።

በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ብዙ ሰው «በደም ሥር ከሆነማ ይሠራል» ብሎ ስለሚያስብ። እውነት ነው፣ አንጀትን ስለሚያልፍ በደም ውስጥ ያለው መጠን በክኒን ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። በ2022 የታተመ ጥናት በፅኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ፣ ኢንፌክሽን ሰውነታቸውን ያናጋባቸው 872 ሰዎችን ተከታተለ። ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ከተሰጣቸው 44.5 በመቶው ሞቱ ወይም አካላቸው ሳያገግም ቀረ። ማስመሰያውን ካገኙት ግን 38.5 በመቶ። ማለትም የባሰበት ቫይታሚኑን ያገኘው ወገን ነው። በ2023 ሆስፒታል በገቡ የኮቪድ ሕሙማን ላይ የወጣው ውጤትም ጥቅም አላሳየም። «ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ያከትማል።

እስካሁን ሳፈርስ ቆየሁ። አሁን ግን ቫይታሚን በእርግጥ መድኃኒት ወደሆነበት ቦታ ልውሰዳችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ኩፍኝ። ሽፍታውን ስለምናይ የቆዳ በሽታ ይመስለናል እንጂ ቫይረሱ የሚገባው በመተንፈሻ አካላት ነው። ሕፃናትን የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው የሳምባ ምች ነው። ጆሴፍ ኤሊሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1932 ለንደን ውስጥ ኩፍኝ የያዛቸው 600 ሕፃናትን ለሁለት ከፈላቸው። ለገሚሶቹ ቫይታሚን ኤ ያለበት ዝግጅት ሰጠ። በእነሱ ላይ ሞት ከሌሎቹ ከግማሽ በታች ሆነ።

ከግማሽ በታች! እንዲህ ያለ ውጤት በማግስቱ ዓለምን ማዳረስ ነበረበት። አልሆነም። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ቀጥሎም አንቲባዮቲኮች መጡ፤ የሐኪሙ ዓይን ሁሉ ወደነሱ ዞረ። የኤሊሰን ጽሑፍ ከመደርደሪያ ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተኛ። ፖሊንግ በደካማ ማስረጃ ዓለምን ክኒን ሲያስውጥ፣ ጠንካራው ማስረጃ አቧራ ለብሶ ነበር። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ነገሩን እንደገና የቀሰቀሰው አልፍሬድ ሶመር የሚባል የዓይን ሐኪም ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣውን ዳፍንት ሲያጠና፣ ዳፍንት ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ እንደሚሞቱ አስተዋለ። የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በ1987 ታንዛኒያ ውስጥ 180 ኩፍኝ የያዛቸው ሕፃናት ላይ ተሞከረ፤ ቫይታሚን ኤ ካገኙት 6፣ ካላገኙት 12 ሞቱ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እጥረቱ ባለባቸው ቦታዎች ኩፍኝ ለያዘው ሕፃን እንዲሰጥ መከሩ። በ1990 ደግሞ ከኬፕ ታውን የመጣው ውጤት አፍ ያሲዛል። 189 ሕፃናት ናቸው፤ 12 ሞቱ፤ ከ12ቱ 10ሩ ማስመሰያውን የወሰዱ ነበሩ።

ለምን እዚህ ሠራ? የአየር ቧንቧንና የአንጀትን ውስጠኛ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ለመታደስ ቫይታሚን ኤ ይፈልጋል። የኩፍኝ ቫይረስ ያንኑ ሽፋን ያወድማል። ሕመሙ ራሱ በደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ በፍጥነት ያወርደዋል። ከመጀመሪያውም የተጎዳ ሕፃን ከሆነ፣ ቫይረሱ ሲመጣ ያለችው ጥሪት ታልቃለች። ሽፋኑ ሳይታደስ ይቀራል፤ በተከፈተው በር ባክቴሪያ ይገባል፤ የሳምባ ምች ይከተላል። ሁለት ዶዝ ቫይታሚን ኤ ያንን የጎደለ ነገር ይመልሳል። ቫይረሱን አይገድለውም። የሚያደርገው ሕፃኑ እንዲቋቋም ማስቻል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቁርጥ ያለ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ 200,000 ዩኒት፣ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ 100,000፣ ከ6 ወር በታች ላለ 50,000፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ተከታታይ ቀናት፣ በጤና ባለሙያ እጅ። ሁለት ቀን ነው፤ ሁለት ሳምንት አይደለም። ቫይታሚን ሲ ቢተርፍ በሽንት ይሄዳል፤ ቫይታሚን ኤ ግን በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። በ2025 በምዕራብ ቴክሳስ ኩፍኝ ሲነሳ፣ ቫይታሚን ኤ ከኩፍኝ ያድናል የሚል ወሬ ነፈሰ። ሆስፒታል ከገቡት ያልተከተቡ ሕፃናት መካከል በቫይታሚን ኤ ብዛት የጉበት ምርመራቸው የተዛባ ተገኙ። ቫይታሚን ኤ በኩፍኝ ከመያዝ አያስጥልም፤ ክትባት ያስጥላል፤ ሁለት ጊዜ የተከተበ ሕፃን 97 በመቶ ይጠበቃል። ቫይታሚኑ የታመመውን የሚረዳ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማምታታት ሕፃን ያስከፍላል።

ስለ ጉዳት ካነሳሁ ሁለት ነገር ልጨምር። በቀን ከ2 ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ተቅማጥ ያመጣል፤ የኩላሊት ጠጠር ለሚያሰጋው ወንድ ደግሞ አደጋውን ይጨምራል። ሁለተኛው ከጉንፋን ትንሽ ይርቃል፤ ግን የአጫሽ ሳል ላለበት ሰው ሁሉ እነግረዋለሁ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር፣ ሳምባን ይጠብቃል በሚል ተሞከረ። ውጤቱ በ1994 ወጣ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት የሳምባ ካንሰራቸው በ18 በመቶ በዛ። ቫይታሚን ኢም በሆላንድ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ፣ የመተንፈሻ አካላት ሕመማቸውን ሳያስቀር ምልክቱን አከበደባቸው። ሁለቱም ከመሞከራቸው በፊት በጣም አሳማኝ ሐሳቦች ነበሩ።

አሁን ስልክ ሲደወልልኝ ግራሙን አልናገርም። መልሼ እጠይቃለሁ። ምን ትበላለህ? የምግብ ፍላጎት ካጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ታጨሳለህ? አጫሽ ሰው ቫይታሚን ሲ ከሌላው በቀን 35 ሚሊግራም ይበልጥ ያስፈልገዋል። ኩላሊትህ ጠጠር ያውቃል? እርጉዝ ሴት ከሆነች ቫይታሚን ኤ ያለበትን ክኒን ያለ ሐኪም እንዳትነካ እነግራታለሁ፤ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል። ከቤት የማይወጡ ትልቅ ሰው ከሆኑ ቫይታሚን ዲያቸውን እንዲያስመረምሩ እመክራለሁ፤ ለጉንፋኑ ሳይሆን ለአጥንታቸው። ለቀረው ሰው፣ እየበላ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እያረፈ ላለ ጤነኛ፣ የምለው አጭር ነው። ከወደድክ አንዷን ክኒን ውሰድ፤ ሁለተኛዋን አትጨምር። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ከወጋህ፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆህ እንደገና ከተመለሰ ግን ይህን ስልክ ዝጋና ሐኪም ጋ ሂድ።